ኢጊንላ ካልጋሪ ላይ 16 የውድድር ዘመን መቆየቱ ጎዳው ወይስ ጠቀመው?

ቀኝ ክንፍ

የበረዶ ጫማቸውን ከሰቀሉ የበረዶ ሆኪ ክንፍ ተጫዋቾች መካከል ሥራው በደንብ ሊፈተሽ ይገባል የምለው ጃሮም ኢጊንላን ነው። ክሩን የከፈትኩት በርዕሱ ላይ ስላለው ጥያቄ ነው።

መሠረቱን ላስቀምጥ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጁላይ 1 ቀን 1977 ኤድመንተን ተወለደ፤ ያደገው እዚያው ጎን ባለችው ሴንት አልበርት ነው። አባቱ ከናይጄሪያ የመጡ ዮሩባ ናቸው፤ ኢጊንላ በቋንቋቸው «ትልቅ ዛፍ» ማለት ነው። በወጣትነቱ ከካምሉፕስ ብሌዘርስ ጋር በ1994 እና በ1995 የወጣቶች ሆኪ ሻምፒዮና የሆነውን የሜሞሪያል ዋንጫን በተከታታይ አነሳ። በ1995–96 ደግሞ በ63 ጨዋታ 63 ጎልና 136 ነጥብ አስመዘገበ። በሰሜን አሜሪካው ዋና ሊግ (ኤንኤችኤል) የ1995 ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት፣ ዳላስ ስታርስ በ11ኛ ተራ መረጠው፤ ግን የዳላስን ማልያ ለብሶ ሳይጫወት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወደ ካልጋሪ ፍሌምስ ተላለፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይህ ነው፦ 1,554 ጨዋታ፣ 625 ጎል፣ 675 አሲስት (ለጎል ማቀበል)፣ ድምሩ 1,300 ነጥብ። ከጎሎቹ 525ቱን ያገባው ለካልጋሪ ነው። የሊጉን የሻምፒዮና ዋንጫ፣ ስታንሊ ዋንጫን፣ ግን አንድም ጊዜ አላነሳም። መጫወት ማቆሙን ያሳወቀው ጁላይ 30 ቀን 2018 ነው።

የእኔ አቋም፦ ካልጋሪ ለጎሉ ጠቅማዋለች፣ ለዋንጫው ጎድታዋለች። ትልልቅ ጎል አግቢ ክንፎችን ተመልከቱ፤ አጠገባቸው ትልቅ ሴንተር (የመሀል አጥቂ) አለ። ያሪ ኩሪ ግሬትዝኪ ነበረው፣ ብሬት ሃል አዳም ኦትስ ነበረው፣ ማይክ ቦሲ ብራያን ትሮቲዬ ነበረው። ኢጊንላ 52 ጎል ባገባበት ዓመት ሴንተሩ ክሬግ ኮንሮይ ነበር። ኮንሮይ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ግን በ2001 ከሴንት ሉዊስ ሲመጣ ስሙ የታወቀው በመከላከሉ ነው። የምትሉትን ልስማ።

ጀማሪ ተመልካች

ክሩ ጥሩ ነው፤ እግር ኳስ ለለመደ አንባቢ ግን አንድ ነገር ቢብራራ ደስ ይለኛል። የሆኪ ክንፍ ሥራው ምንድን ነው? በጎን ሮጦ መሀል ላይ ማሻገር ነው? «ነጥብ» የምትሉትስ የቡድን ነጥብ ነው የተጫዋች?

ፈረቃ 45

ወንድሜ፣ ከእግር ኳሱ ክንፍ ጋር ስማቸው እንጂ ሥራቸው ብዙም አይመሳሰልም። በረዶው ላይ ከበረኛው ሌላ አምስት ሰው አለ፦ ሁለት ተከላካይ፣ አንድ ሴንተር፣ ግራና ቀኝ ክንፍ። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። አንድ ረድፍ በረዶው ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ አካባቢ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሌላው ረድፍ ይተካዋል፤ ይህን ፈረቃ እንለዋለን። ነጥብ የተጫዋቹ ነው፤ ጎሉና አሲስቱ ተደምሮ። ለአንድ ጎል እስከ ሁለት አቀባይ ይመዘገባል።

አሁን የቀኝ ክንፉን ሥራ ከኋላ ወደ ፊት እንየው። ተጋጣሚ እኛ ሜዳ ውስጥ ፓኩን (የሚመታውን ክብ ጎማ) ይዞ ሲያሽከረክር የቀኝ ክንፉ ኃላፊነት ሰማያዊው መስመር (የእኛን ሜዳ ከመሀሉ የሚለየው) ላይ የቆመው የተጋጣሚ ግራ ተከላካይ ነው። በፓኩና በእሱ መካከል ይቆማል፣ ዱላውን የማቀበያ መንገድ ላይ ይዘረጋል፣ ሊመታ ሲል በሰውነቱ ይዘጋል። ፓኩን ስናስመልስ ደግሞ ወደ አጥሩ ይጠጋል፤ ተከላካያችን በአጥሩ ዙሪያ የሚልከውን የሚቀበለው እሱ ነው።

ብዙ ክንፍ የሚበላሸው እዚህ አጥሩ ጋ ነው። ቆሞ ከተቀበለ የተጋጣሚ ተከላካይ ከላይ ወርዶ አጥሩ ላይ ይለጥፈዋል። ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ከተቀበለ ማን እንደሚመጣበት አያይም። ፓኩን ከመያዙ በፊት በትከሻው ላይ አሻግሮ ማየት፣ እግሩን ማንቀሳቀስ፣ ፓኩ ሲያመልጠው እንኳ በበረዶ ጫማው አስቁሞ ለሴንተሩ ማንሸራተት አለበት። ጎል ሳይሸት የሚሠራ ሥራ ነው፤ አሠልጣኝ ግን ክንፍን የሚያምነው ወይም ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው በዚህ ነው። ቶሎ ጎል ፍለጋ ሰማያዊውን መስመር ጥሎ የሚበር ክንፍ ፓኩ ከኋላው ሲነጠቅ ቡድኑን በአንድ ሰው ያጎድላል።

ፊት ላይ ደግሞ ፓኩ ወደ ተጋጣሚ ጥግ ሲጣል ቀድሞ የሚደርሰው ሰው ተከላካዩን ወደ አንድ ወገን እንዲዞር ያስገድዳል፣ ሁለተኛው በዚያ ወገን ያለውን አጥር ይዘጋል፣ ሦስተኛው ከፍ ብሎ መሀሉን ይጠብቃል። ፎርቼክ የምንለው ይህ ነው። የኢጊንላ ኃይል እዚህ ይታያል፤ ቁመቱ 185 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 95 ኪሎ ገደማ ነበር። ጥግ ላይ ፓኩን ካገኘ ጉልበቱን ከፍቶ ዝቅ ይላል፣ ዳሌውን ለተከላካዩ ይሰጣል፣ ፓኩን ተከላካዩ በማይደርስበት ወገን ያስቀምጣል። ተከላካዩ ሲገፋው ግፊቱን ተጠቅሞ ወደ ጎሉ ይዞራል።

የአጥር ሥር

ፈረቃ 45 ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል።

ኢጊንላ ቀኝ መቺ ነው፤ ቀኝ እጁ ዱላው ላይ ከታች ነው፣ የዱላው ምላስ በሰውነቱ ቀኝ በኩል ነው። አምስት ለአምስት ሲጫወቱ በቀኝ ክንፍ ነበር፤ ማለትም በገዛ ወገኑ። ወደ ፊት ሲሄድ አጥሩ በቀኙ፣ የዱላው ምላስም በቀኙ ነው። በአጥሩ ዙሪያ የሚመጣውን ፓክ በፊት ለፊት ምላሱ ያነሳል፣ በግልባጩ መታገል የለበትም። ጉዳቱ የመምቻው ማዕዘን ጠባብ መሆኑ ነው፤ ፓኩ ከሰውነቱ ይልቅ ለአጥሩ ይቀርባልና።

የሰው ብልጫ ሲገኝ ግን ቦታውን ይለውጣል። ተጋጣሚ ሁለት ደቂቃ ሲቀጣና አምስት ለአራት ሲሆኑ ከተጋጣሚ ጎል ፊት በግራ በኩል በረዶው ላይ ወደ ተሳለው ክብ ይሻገራል። እዚያ ሲቆም የዱላው ምላስ ወደ ሜዳው መሀል ይገባል፤ ያ የአንድ ሜትር ያህል ልዩነት ማዕዘኑን በብዙ ይከፍተዋል። ፓኩ ከቀኝ ወገን ወይም ከሰማያዊው መስመር ተሻግሮ ሲመጣለት ሳያስቆም ይመታዋል። ዋን ታይመር የምንለው ነው። ሊጉ በሙሉ ከዚያ ክብ እንደሚመታ ያውቅ ነበር፤ ማወቅ ብቻውን ግን አላዳናቸውም።

ዋን ታይመር ሲበላሽ ምክንያቱ ከመምቻው በፊት ነው። ፓኩ እግሩ ሥር ከመጣ መቺው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ክብደቱ ተረከዙ ላይ ይቀራል፣ ምቱ ወደ ላይ ይወጣል። በጣም ወደ ፊት ከመጣ እጁ ብቻ ይዘረጋል፣ ጉልበት አይኖረውም። ትክክለኛው ቦታ ከፊተኛው እግር ተረከዝ ትይዩ ነው። ዱላው በረዶውን ከፓኩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ይነካል፣ ይጎብጣል፣ ሲቃና ፓኩን ይወረውራል። በጣም ቀድሞ ከነካ ኃይሉ በበረዶው ያልቃል፤ ጭራሽ ካልነካ ዱላው አይጎብጥም፣ የሚቀረው የክንድ ጉልበት ብቻ ነው። ስለዚህ አቀባዩ ግማሹን ጎል ሠርቷል ማለት ነው።

በረኛው

ከበረኛው ወገን ልናገር። በረኛ የቆመ ፓክ አያስፈራውም። ፓኩ በቀኝ ሲሆን የቀኙን ቋሚ ይይዛል፤ ፓኩ ሲሻገር በአንድ እግሩ ገፍቶ ወደ ሌላው ወገን መንሸራተት አለበት። ጎሉ 183 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ችግሩ መድረሱ ላይ አይደለም፤ ደርሶ ቆሞ ሰውነቱን አደላድሎ መጠበቅ ላይ ነው። ዋን ታይመር በትክክል ከተመታ ፓኩ የሚመጣው በረኛው ገና እየተንሸራተተ ሳለ ነው፤ እግሮቹ መካከል ክፍተት አለ፣ ጓንቱም ከሰውነቱ ጋር እየተጎተተ ነው።

ለዚህ ነው ጥሩ ተከላካዮች መቺውን ሳይሆን የማሻገሪያውን መንገድ በዱላ የሚዘጉት። መቺው ላይ ከሮጥክ መሀሉ ይከፈታል፣ ጎሉ ፊት የቆመው ሰው ብቻውን ይቀራል።

እግረ መንገዴን፣ ኢጊንላ ልጅ ሳለ በተደራጀ የሆኪ ውድድር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በረኛ ነበር፤ አርአያው የኤድመንተኑ ጥቁር በረኛ ግራንት ፉር ነበር። የበረኛን ጭንቀት ከውስጥ ማወቁ መምቻውን ሳይጠቅመው አልቀረም ብዬ አስባለሁ።

ሂሳብ ሰፈር

ቁጥሩ በዘመኑ ልክ ይመዘን።

በ1981–82 በአንድ ጨዋታ በሁለቱም ቡድን ተደምሮ በአማካይ 8.03 ጎል ይገባ ነበር። በ2001–02 ወደ 5.24 ወርዶ ነበር። በ2003–04 ደግሞ 5.14። ኢጊንላ 52 ያገባው በዚያ ድርቅ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት 50 የደረሰ ሌላ ሰው የለም፤ ተከታዮቹ 41 ላይ ቆመዋል። በነጥብም 96 ይዞ አንደኛ ሲሆን ሁለተኛው ማርኩስ ናስሉንድ 90 ነበረው። 52ቱን በ1981–82 ልክ ብናሰላው 80 ገደማ ይሆናል። እርግጥ እንዲህ ያለ ስሌት በረኛውንና መሣሪያውን አያካትትም፣ ግን የድርቁን መጠን ያሳያል።

በ2003–04 በ41 ጎል የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢ የሚወስደውን የሞሪስ ሪሻር ሽልማትን ከኢልያ ኮቫልቹክና ከሪክ ናሽ ጋር ተካፈለ። 41 ጎል ሊጉን የመራበት ዓመት ነው፤ እስቲ አስቡት።

ከ2000–01 እስከ 2011–12 በተጫወተባቸው 11 ተከታታይ የውድድር ዘመኖች ከ30 በታች ወርዶ አያውቅም፦ 31፣ 52፣ 35፣ 41፣ 35፣ 39፣ 50፣ 35፣ 32፣ 43፣ 32። መሀል ላይ የ2004–05 ውድድር በሎክአውት (የቡድን ባለቤቶች ከተጫዋቾች ጋር በውል ባለመስማማታቸው ጨዋታውን በማቆማቸው) ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል፤ ዕድሜው 27 ነበር። ከዚያ በፊት 41፣ ከዚያ በኋላ 35 አግብቷል፤ አማካዩን 38 ብንይዝ ድምሩ 663 ይሆን ነበር።

ሰማያዊ መስመር

@ሂሳብ ሰፈር ቁጥሩን ወድጄዋለሁ፤ የ2002ን የሃርት ሽልማት (የሊጉ ኮከብ ተጫዋች) ግን አልነካኸውም። ኢጊንላና የሞንትሪያሉ በረኛ ዦዜ ቴዎዶር በድምፅ ነጥብ እኩል 434 ወጡ። ቴዎዶር 26 የአንደኝነት ድምፅ ስለነበረው በ23 የተቀመጠውን ኢጊንላን በለጠው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚመርጡትን የሌስተር ፒርሰን ሽልማት ግን ለኢጊንላ ሰጡት። አብረውት በረዶ ላይ የሚውሉት ሰዎች ፍርድ ለእኔ ይበልጥብኛል።

ካልጋሪ በዚያ ዓመት ጥሎ ማለፉን አለመድረሷ ጎድቶታል ባይ ነኝ። @ቀኝ ክንፍ ጥያቄህን እዚህ ላይ ነው የምደግፈው።

ነጩ ማልያ

አንድ ነገር እዚህ አልተነሳም፤ ኦሎምፒክ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ካናዳ አሜሪካን 5 ለ 2 አሸንፋ ከ50 ዓመት በኋላ ወርቅ ስታገኝ ሁለቱ ጎሎች የኢጊንላ ናቸው፤ ጆ ሳኪክም ሁለት አገባ። በክረምት ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰውም ሆነ።

ሰማያዊ መስመር

ትንሽ እርማት፣ ወንድሜ። የመጀመሪያው ጥቁር *ወንድ* ነው። ከእሱ አምስት ቀን በፊት፣ ፌብሩዋሪ 19፣ አሜሪካዊቷ ቮኔታ ፍላወርስ በዚያው ኦሎምፒክ በሁለት ሴቶች ቦብስሌይ ወርቅ ወስዳለች። ሁለቱም ስም አብረው ቢጠሩ መልካም ነው።

ነጩ ማልያ

ልክ ነህ፣ አመሰግናለሁ። ከጽሑፌ ላይ አስተካክላለሁ።

እንግዲያው የ2010ን ቫንኩቨር ልጨምር። በመክፈቻው ካናዳ ኖርዌይን 8 ለ 0 ስትረታ ሐትሪክ ሠራ። ፌብሩዋሪ 28 በፍጻሜው 2 ለ 2 ሆነው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሲገቡ፣ 7:40 ላይ ሲድኒ ክሮስቢ ያገባት የወርቅ ጎል የኢጊንላ አሲስት ናት። ሁሉም ሰው ክሮስቢን ያያል። እስቲ ኢጊንላን ብቻ እያያችሁ ድገሙት። በግራ በኩል አጥሩ ሥር ፓኩን ተቀበለ፣ ተከላካይ ከላዩ ወድቆበታል፣ ክሮስቢ ወደ ጎሉ እየበረረ በቅጽል ስሙ «ኢጊ!» ብሎ ይጮኻል። እየወደቀ አቀበለው። ፈረቃ 45 የጻፈው የአጥር ሥራ በሙሉ በዚያ አንድ ሰከንድ ውስጥ አለ።

ሦስተኛው ፔሬድ

አሁን ወደ 2004 እንግባ፤ የክሩ ጥያቄ የሚፈታው እዚያ ነው።

ካልጋሪ ሰባት ተከታታይ የውድድር ዘመን ጥሎ ማለፍ ሳትደርስ ከርማ በምዕራቡ ምድብ ስድስተኛ ሆና ገባች። አምበሉ ኢጊንላ ነው፤ አምበልነቱን ውድድሩ ሲጀመር ከኮንሮይ ተረክቧል። አሠልጣኙ ዳሪል ሰተር፣ በረኛው ሚካ ኪፕሩሶፍ። በየዙሩ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል፤ ቫንኩቨርን በሰባት ጨዋታ፣ ዲትሮይትን በስድስት፣ ሳን ሆዜን በስድስት ጣሏቸው። ከ1994ቷ ቫንኩቨር ወዲህ ፍጻሜ የደረሰች የመጀመሪያዋ የካናዳ ቡድን ናት። ኢጊንላ በ26 ጨዋታ 13 ጎልና 9 አሲስት አስመዘገበ፤ በዚያ ጥሎ ማለፍ በጎል የበለጠው የለም።

በፍጻሜው ከታምፓ ቤይ ጋር በሦስተኛው ጨዋታ ከታምፓው ቪንሰንት ለካቫሊየር ጋር ጓንት ጥለው ተደባደቡ። የሁለት ቡድን ኮከቦች በፍጻሜ ሲደባደቡ እምብዛም አይታይም። ሁለቱም አምስት አምስት ደቂቃ ተቀጡ፤ እንዲህ ሲሆን ሜዳው አምስት ለአምስት ይቀጥላል፣ የሰው ብልጫ የለም። ከዚያ ተመልሶ ጎል አገባ፣ ካልጋሪ 3 ለ 0 አሸነፈች።

አምስተኛው ጨዋታ፣ ጁን 3፣ ታምፓ ላይ፣ 2 ለ 2፣ ጭማሪ ሰዓት። የካልጋሪ ሰዎች እስከ ዛሬ «ያ ፈረቃ» ይሉታል። የራስ ቁሩ ከራሱ ወልቆ ወደቀ፤ ለመቀየር አልወጣም። ረዥም ፈረቃ ነበር፣ እግሩ እንደዛለ ያስታውቃል፣ ግን ፓኩ የታምፓ ሜዳ ውስጥ እስካለ ድረስ አልለቀቀም። መታ፣ የታምፓው በረኛ ካቢቡሊን መለሰው፣ ኦሌግ ሳፕሪኪን የተመለሰውን 14:40 ላይ አገባው። ካልጋሪ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 መራች፤ ዋንጫው አንድ ጨዋታ ቀረው።

ስድስተኛውን በገዛ ሜዳቸው በሁለተኛው ጭማሪ 33ኛ ሰከንድ ላይ ማርቲን ሴንት ልዊ ቀማቸው። ከዚያ በፊት የማርቲን ዤሊና ጫማ የነካው ፓክ መስመሩን አልፏል አላለፈም የሚለው ክርክር ካልጋሪ ውስጥ ዛሬም አልበረደም። ሰባተኛውን ታምፓ 2 ለ 1።

አንድ ጎል። @ቀኝ ክንፍ «ካልጋሪ ለዋንጫው ጎድታዋለች» ስትል ይህን ርቀት አስብ። ጎሉን ከኋላ የሚጠብቅለት ኪፕሩሶፍን የሰጠችውም ካልጋሪ ናት።

ጀማሪ ተመልካች

የራስ ቁሩ ወልቆ መጫወት ይፈቀዳል እንዴ?

ሦስተኛው ፔሬድ

በዚያን ጊዜ ይፈቀድ ነበር። ከ2019–20 ጀምሮ ግን ሕጉ ተለውጧል፤ የራስ ቁሩ የወለቀበት ተጫዋች ወይ አንስቶ መልሶ ያደርጋል ወይ ወደ ወንበር ይወጣል፤ አለዚያ ሁለት ደቂቃ ይቀጣል። «ያ ፈረቃ» ዛሬ ቢሆን ኖሮ እንዳለ አይደገምም ነበር።

ውልና ፊርማ

ጥያቄው መቆየት ስለሆነ ዝውውሮቹን ሳናይ መፍረድ አንችልም።

የ1995ቱ። ጆ ኑዌንዳይክ ከካልጋሪ ጋር በውል ተጣልቶ አልጫወትም ብሎ ነበር። ዳላስ ኢጊንላንና ኮሪ ሚለንን ሰጥቶ ወሰደው። ኑዌንዳይክ በ1999 ከዳላስ ጋር ስታንሊ ዋንጫን አነሳ፣ የጥሎ ማለፉ ኮከብም ተባለ። ካልጋሪ ደግሞ የ16 ዘመን ክንፍ አገኘች። ሁለቱም ወገን እንዲህ የሚያተርፍበት ዝውውር ብዙ አይገኝም።

የ2007ቱ ፊርማ። ከ2008–09 የሚጀምር የአምስት ዓመት ውል፣ በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር። በ2008–09 የአንድ ቡድን ጠቅላላ የደመወዝ ጣሪያ 56.7 ሚሊዮን ነበር፤ የእሱ ድርሻ 12 በመቶ ያህል ነው። የተጋነነ አይደለም። ስለዚህ «ደመወዙ ሴንተር እንዳይገዙ አደረገ» የሚለው ክስ ሚዛን አይደፋም። ጎድሎ የነበረው የድራፍት ሥራ ነው፤ ከታች የሚያድግ ሴንተር አልመጣም።

የ2013ቱ። በውሉ መሠረት ያለ ፈቃዱ ሊሸጡት አይችሉም ነበር። ቦስተን ያገኘው መስሎት ሳለ ኢጊንላ ፒትስበርግን መረጠ። ካልጋሪ ያገኘችው ኬኒ አጎስቲኖን፣ ቤን ሃኖውስኪንና የመጀመሪያ ዙር ድራፍት ነው። ሁለቱ ልጆች ለካልጋሪ የተጫወቱት ጥቂት ጨዋታ ብቻ ነው። የ35 ዓመት ክንፍ፣ ውሉ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው፣ የሚሄድበትን ራሱ እየመረጠ፤ ሻጩ እጁ ታስሯል። ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ቢያደርጉት ዋጋው ሌላ ነበር። እኔ «መቆየቱ ጎዳ» የምለው ቡድኑን ነው።

ቀኝ ክንፍ

@ውልና ፊርማ ይህ አቅጣጫ አልታየኝም ነበር፤ ትክክል ነህ። ፒትስበርግ ላይ የሆነውን ግን ላንሳ፤ ከየአጥር ሥር ማብራሪያ ጋር ይገጥማል። በክሮስቢና በማልኪን ቡድን ውስጥ ወደ ግራ ክንፍ አዛወሩት። ሰማያዊ መስመሩን ሲሻገር ማዕዘኑ ተከፈተለት፣ ግን የአጥሩ ፓክ ሁሉ በግልባጭ ምላሱ መጣበት። በምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ቦስተን በአራት ጨዋታ ሲያባርራቸው ፒትስበርግ በአራቱም ያገባችው ሁለት ጎል ብቻ ነው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም 16 ዘመን የለመደውን ወገን በ35 ዓመቱ ማስለወጥ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ማስረጃዬ ቀጣዩ ዓመት ነው። እምቢ ያለውን ቦስተንን ተቀላቀለ፣ ወደ ቀኝ ክንፉ ተመለሰ፣ ከዴቪድ ክሬይቺና ከሚላን ሉቺች ጋር ተጫወተ፤ 30 ጎል አገባ።

ፈረቃ 45

ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታት፦ ኮሎራዶ ላይ 29፣ ቀጥሎ 22፣ ከዚያ በ61 ጨዋታ 8። በማርች 2017 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ከድሮው አሠልጣኙ ከሰተር ጋር በ19 ጨዋታ 6። 600ኛዋን ጃንዋሪ 4 ቀን 2016 ያገባው በዚያው በሎስ አንጀለስ ላይ ነው፤ 600 በመድረስ 19ኛው ተጫዋች ሆነ።

ክንፍ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሄደው መምቻው አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ናቸው። ከቆመበት ተነሥቶ ፍጥነት ሲያጣ ጥግ ላይ ፓኩ ዘንድ ሁለተኛ ይደርሳል። ሁለተኛ የደረሰ ሰው ዳሌውን የሚሰጥበት ተከላካይ የለውም፤ ፓኩ አስቀድሞ ተወስዷል። ሊጉም ከ2005 ወዲህ መያዝና መጎተትን በጥብቅ መቅጣት በመጀመሩ ፍጥነት ይበልጥ ዋጋ አገኘ። ስለዚህ አሮጌ ጉልበተኛ ክንፍ የሰው ብልጫ ላይ ክቡ ውስጥና ጎሉ ፊት ይቀራል። ኢጊንላም እንዲሁ ነው የጨረሰው።

ነጩ ማልያ

ማልያው ማርች 2 ቀን 2019 የካልጋሪ ሜዳ በሆነው ሳድልዶም ጣሪያ ላይ ተሰቀለ፤ 12 ቁጥር። በ2020 መመረጥ በሚችልበት በመጀመሪያ ዓመቱ ለሆል ኦፍ ፌም (የሆኪ ታላላቆች የክብር መዝገብ) ተመረጠ፤ ሥነ ሥርዓቱ በኮሮና ምክንያት ወደ ኖቬምበር 2021 ተዘዋወረ። በ2023 ደግሞ የዋና ሥራ አስኪያጁ አማካሪ ሆኖ ወደ ካልጋሪ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ማን ነው? የ52ቱ ጎል ሴንተር፣ ክሬግ ኮንሮይ።

ልጁ ቲጅ በ2024 ድራፍት በ6ኛ ተራ በዩታ ተመርጧል።

ጀማሪ ተመልካች

በጣም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ካልጋሪና ኤድመንተን ያሉ የሀበሻ ልጆች ሆኪ እየጀመሩ ነው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያን የግራ ክብ ምት መማር ቢፈልግ ከምን ይጀምር?

የአጥር ሥር

ከዱላው። ዱላ ላይ የተጻፈው የመጉበጥ ቁጥር ዱላውን አንድ ኢንች ለማጉበጥ የሚፈልገው ኃይል ነው፣ በፓውንድ። ለልጅ ከክብደቱ ግማሽ አካባቢ ይያዝ፤ 60 ፓውንድ የሚመዝን ልጅ 30 ይበቃዋል። ወላጆች «ያድግበታል» ብለው ጠንካራና ረዥም ዱላ ይገዛሉ፤ ልጁ ማጉበጥ ስለማይችል በትከሻው መምታት ይለምዳል፣ ያ ልማድ ደግሞ በኋላ አይለቅም። ቁመቱ የበረዶ ጫማ አድርጎ አገጩ ድረስ ይሁን። ዱላ ሲቆረጥ እንደሚጠነክርም አትርሱ።

ቀጥሎ ፓኩ። መደበኛው ፓክ 170 ግራም ገደማ ነው፤ ለትንንሾች 113 ግራም የሆነ ሰማያዊ ፓክ አለ። በእሱ ይጀምር።

ዋን ታይመርን ራሱን አታስቸኩሉት። መጀመሪያ የቆመ ፓክ ከፊተኛው ተረከዙ ትይዩ ያስቀምጥ፣ ክብደቱን ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር እያሻገረ ዝቅ ብሎ 20 ጊዜ ይምታ። ከዚያ አንድ ሰው ከሦስት ሜትር ርቀት በዝግታ ያንከባልልለት፤ ልጁ ዱላውን ወደ ላይ ሳያነሳ፣ ከጉልበት በታች ብቻ ወስዶ ይምታ። ፓኩ በትክክል ካልመጣ እንዲመታው አታስገድዱት፤ አስቁሞ ያቀብል። ዱላውን ከፍ ማድረግ የሚመጣው ከአሥር ስምንቱን ጎል ውስጥ ማስገባት ሲችል ነው። አቀባዩንም በየአምስቱ ምት አቀያይሩት፤ በልክ ማቀበልን ያልተማረ ልጅ ፓኩን በልክ መጠበቅም አይችልም።